በሰው ኢቃማ የታከመ ጉሮሮ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ተንቀሳቃሽ ስልክ በየሰዉ እጅ ከመግባቱ በፊት እንደነበረ ግን አውቃለሁ፤ ሐኪም ቤት ውዬ ስቀር ደውሎ የት ነህ ያለኝ ሰው አልነበረማ። ወሩም ይጠፋኛል። ሪያድ ብዙ የኖረ ሰው ዓመቱን የሚከፍለው በረመዳን ነው፤ ረመዳን ደግሞ በየዓመቱ ወደ ኋላ ይሸሻል፣ አንዴ በሙቀት አንዴ በብርድ ይመጣል። ስለዚህ ሂሳቡ አይገጥምልኝም። የሆነውን ግን አልረሳሁትም።

ያን ጊዜ ሱለይ በሚባለው የመጋዘን ሰፈር የቀን ዘበኛ ነበርኩ። መጋዘኑ ውስጥ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ ሴራሚክና የመዳብ ቧንቧ ነበረ። ሥራዬ ከሽቦው አጥር በር ላይ ተቀምጦ የሚገባና የሚወጣውን መኪና ቁጥር መጻፍ ነው። አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁና ቁጥር አያስቸግረኝም። ማደሪያዬ መንፉሐ፣ አንዲት ጠባብ ክፍል ነበረች፤ ከአንድ የወሎ ሰው ጋር እንጋራታለን። እሱ የአንዲት አሮጊት ሳዑዲ ሹፌር ነው። ሳምንቱን እዚያው ግቢያቸው ያድርና ሐሙስ ወደ ማታ ይመጣል፣ ዓርብን አብረን እንውላለን። እኔ ክርስቲያን ነኝ፣ እሱ ሙስሊም። ሽሮ ሲሆን ድስታችን አንድ፣ ሥጋ ሲሆን ሁለት ነው። በዚህ ተጣልተን አናውቅም።

ድምፄ መሻከር የጀመረው ቀስ ብሎ ነው። መጀመሪያ የሴራሚኩ አቧራ ነው አልኩ። ቀጥሎ የማቀዝቀዣው ንፋስ ነው አልኩ። ዝንጅብል አኘክሁ፣ ጥቁር አዝሙድ በማር ላስኩ፣ በጨው ውኃ ተጉመጠመጥኩ። ሁለት ወር፣ ሦስት ወር ሆነው። የጭነት መኪና ነጂዎቹ ስናገር ጆሯቸውን ወደ አፌ ማስጠጋት ጀመሩ። አንድ ዓርብ የወሎው ሰው ሲያዳምጠኝ ቆየና፣

«አንተ ሰውዬ፣ ይኼ ጉንፋን አይደለም» አለኝ።

«ታዲያ ምንድነው?»

«እኔ ምን አውቄ። ብቻ እኛ አገር በሬ ሲያረጅ ነው እንዲህ የሚያገሳው። ሂድና ታይ።»

«በምን ወረቀት ልታይ?»

ወረቀት አልነበረኝም። ከፊሌ፣ ማለት በስሙ አገሩ የገባሁበት ሳዑዲ፣ ከሞተ ቆይቷል። ልጆቹ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ፈቃዴን፣ አላሳደሱልኝም፤ እኔም አልሄድኩላቸውም። መጋዘኑ ያለ ወረቀት የያዘኝ ርካሽ ስለሆንኩ ነው። ፖሊስ ሲመጣ ከሴራሚኩ ክምር ኋላ እደበቃለሁ። ያለ ኢቃማ ሐኪም ቤት መሄድ ደግሞ በእግር ወደ እስር ቤት መሄድ ነው።

የወሎው ሰው ኪሱ ገብቶ የራሱን ኢቃማ አወጣና ፍራሼ ላይ ጣል አደረገው።

«እንካ። አንድ ቀን ነው። አፍህን ከፍተው ያዩሃል፣ ሽሮፕ ሰጥተው ይሸኙሃል።»

«ይኼ ፎቶ እኮ እኔን አይመስልም።»

«እኔንስ መቼ ይመስላል? ለእነሱ ሁላችንም አንድ ሐበሻ ነን። አብሽር።»

በዚያ ዘመን በሰው ኢቃማ መታከም በእኛ ዘንድ እንደ ነውር አይቆጠርም ነበር። ጃንጥላ እንደ መዋዋስ ነው። በጓደኛዋ ኢቃማ ገብታ የወለደች ሴት አውቃለሁ፤ ልጁ በወረቀት የሌላዋ ልጅ ሆኖ ቀረ። ይህን እያወቅሁም የእኔ ጉዳይ ቀላል መሰለኝ። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የአያቱን ስም፣ የተወለደበትን ቀን አውቶቡስ ውስጥ እየደጋገምኩ አጠናሁና ሄድኩ።

በመጠበቂያው ክፍል ተቀምጬ ሳለሁ አዛን ተሰማ። አጠገቤ የነበሩት ሁሉ ተነሡ። አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን ነካ አድርገው «ያላ፣ ያ አኺ» አሉኝ፣ ና ወንድሜ ማለታቸው ነው። የያዝኩት ስም የሙስሊም ስም ነው፤ ቁጭ ብል ምን ልል ነው? ተነሥቼ ከኋላ ተሰለፍኩ፣ ሲያጎነብሱ አጎነበስኩ። ለማን እንደሰገድኩ ፈጣሪ ያውቃል። በኋላ ለወሎው ሰው ብነግረው እስኪያለቅስ ሳቀብኝ።

«በስሜ ሰግደሃልና ምንዳው የእኔ ነው። የሱብሒንም ብትሰግድልኝ ምናለ፣ እንቅልፌን እተኛ ነበር።»

ሽሮፕ ግን አልሰጡኝም። ሐኪሙ ሱዳናዊ ነበር፣ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። በአፍንጫዬ ቀጭን ገመድ አስገብቶ ጉሮሮዬን አየ። «ኢ በል» አለኝ። አልኩ። «እንደገና» አለኝ። ከዚያ ሌላ ቀን ቀጠረኝና አስተኝተው ከጉሮሮዬ ቁራጭ ሥጋ ወሰዱ። አንድ ቀን የተባለው ነገር እንዲህ እያለ አራት ቀን ሆነ። በየጊዜው ኢቃማውን ከወሎው ሰው እየተዋስኩ ነው። እሱ ያለ ኢቃማ መኪና ሲነዳ፣ እኔ በእሱ ስም አፌን ስከፍት።

ውጤቱን የሰማሁ ቀን ዶክተሩ ወረቀቱን አንብቦ ወደ እኔ ዞረ።

«ሥራህ ምንድነው፣ ያ ዐም?» አለኝ፤ አጎቴ ማለቱ ነው።

«ዘበኛ ነኝ።»

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው ስህተቴ የታወቀኝ። ፋይሉ ላይ ያለው ሹፌር ነው። ዶክተሩ ፋይሉን አየ፣ እኔን አየ።

«ዘበኛ ከሆንክ ይገባሃል» አለ። «ጉሮሮህ ውስጥ ነቀርሳ አለ። ሌባ ነው በለው። ገና ትንሽ ነው፣ አንዱን የድምፅ አውታርህን ይዟል። የሰው ገላም የራሱ ዘበኞች አሉት፤ በደም ውስጥ የሚዞሩ ነጫጭ ሴሎች ናቸው። የቆረጥነውን ሥጋ በአጉሊ መነጽር ሳየው፣ የአንተ ዘበኞች አጥሩ ውጭ አልቆሙም። ገብተው ከሌባው ጋር ተያይዘዋል። ብዙ ናቸው።»

«ጥሩ ነው ማለት ነው?»

«ከሌላው ይሻላል። የአንዳንዱ ሰው ዘበኞች ዙሪያውን ከበው ይቆማሉ እንጂ አይገቡም። እንደዚያ ያለው ሌባ ብዙ ጊዜ ቶሎ ይሰፋል፣ ወደ አንገት ይወርዳል። የገቡለት ሰው ጊዜ ያገኛል። ግን እንዳትመካ። ከገቡትም ሁሉም አንድ አይደሉም። ሌባው የገዛቸው አሉ። ዘበኛ መስለው ቆመው ሌሎቹን ተዉ፣ ዝም በሉ የሚሉ።»

ይኼን ለእኔ ማስረዳት አላስፈለገውም። ከዓመት በፊት ከመጋዘናችን የመዳብ ቧንቧ ተሰርቆ ነበር። ሦስት የሌሊት ዘበኞች ነበሩ። አንዱ ከአጥሩ ውጭ ቆሞ አላየሁም አለ። አንዱ ውስጥ ገብቶ ሲታገል ጥርሱ ረገፈ። ሦስተኛው በሩን የከፈተው እሱ ራሱ ሆኖ ተገኘ፤ ሌሊቱን ከሌቦቹ ጋር ሻይ ሲጠጣ ነው ያመሸው። ሦስቱም የለበሱት አንድ ዓይነት ሰማያዊ ልብስ ነው። በጉሮሮዬ ውስጥ ያለውም እንዲያ መሆኑን ስሰማ፣ ፍርሃት ሳይሆን ድካም ነው የተሰማኝ። ስንት ዓመት የሰው በር ስጠብቅ ኖሬ።

«ዘበኛም ይደክማል» አለ ዶክተሩ። «ወር፣ ሁለት ወር ታግሎ እጁ ይዝላል። ሳይደክሙ በጨረር እንርዳቸው። የድምፅ አውታርህ ገና ይንቀሳቀሳል፤ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ጨረር ይበቃሃል። ከቆመ ግን ማንቁርትህን እናወጣዋለን። በአንገትህ ቀዳዳ ትተነፍሳለህ፣ ድምፅ የለም። ከከፊልህ ደብዳቤ አምጣና ቶሎ እንጀምር።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። የየትኛው ከፊል ደብዳቤ? የእኔው መቃብር ውስጥ ነው። የወሎው ሰው ከፊል የአሮጊቷ ልጅ ነው፤ እሱ ደግሞ ሹፌሩ መታመሙን አያውቅም፣ ምክንያቱም አልታመመም።

ሐሙስ እስኪመጣ ጠብቄ ለወሎው ሰው ነገርኩት። ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። ከዚያ፣ «ካንሰሩ በማን ስም ነው የተጻፈው?» አለኝ።

«ባንተ።»

«ላ ኢላሃ ኢለላህ። ምንም ሳያመኝ ልሞት ነው?»

እኔን ሊያስቀኝ ነበር። አልሳቅሁም፣ እሱም አልሳቀም።

እኛ ምን እናድርግ እያልን ስናወጣ ስናወርድ ሐኪም ቤቱ አልጠበቀንም። ደብዳቤው ሲዘገይባቸው ፋይሉ ላይ ወዳለው የቤት ስልክ ደወሉ። ስልኩን ያነሣው የአሮጊቷ ልጅ ነው። ሹፌርህ የጉሮሮ ካንሰር አለበት ተባለ። ልጁ ወዲያው የታመመ ሹፌር ምን ያደርግልናል፣ ትኬት ቆርጬ ወደ አገሩ እሰደዋለሁ አለ። አሮጊቷ እምቢ አሉ። የወሎው ሰው ማማ ነው የሚላቸው፤ ከአሥር ዓመት በላይ ወደ ገበያ፣ ወደ ልጆቻቸው፣ ወደ ለቅሶ ያመላለሳቸው እሱ ነው። «በትልቅ ሐኪም ሳይታይ አይሄድም» አሉና ራሳቸው ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ መኪናውን እሱ ራሱ እየነዳ፣ ወደ አንድ የግል ሐኪም ወሰዱት። የላቦራቶሪው ወረቀት በእጃቸው ነው።

የግሉ ሐኪም መስተዋት አስገብቶ አየ። መብራት ለውጦ አየ። ገመዱን አስገብቶ አየ። የወሎው ሰው ጉሮሮ እንደ ሕፃን ጉሮሮ ንጹሕ ነው።

ሐኪሙ ወረቀቱን ደግሞ አነበበና፣ «ወይ ላቦራቶሪው የሌላ ሰው ሥጋ ቀይሮበታል» አለ። «ወይ ደግሞ... እዚህ ላይ የገላው መከላከያ ሴሎች በእብጠቱ ውስጥ በብዛት ገብተዋል ይላል። ገላ ራሱ ዕጢን አጠፋ የሚባል ነገር አልፎ አልፎ ይነገራል። እኔ ግን አይቼ አላውቅም። እንደ እኔ የመጀመሪያው ነው፤ ላቦራቶሪው ይጠየቅ።»

ማማ የመጀመሪያውን አልሰሙም። ሁለተኛውን ብቻ ሰሙ። እዚያው ወንበሩ ላይ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው አለቀሱ። የወሎው ሰው በኋላ ሲነግረኝ፣ «እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት፣ እጄን ይዘው ጉሮሮዬን በጣታቸው ዳበሱኝ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ማንም ዳብሶኝ አያውቅም። ምን ልበል?» አለኝ።

በዚያ ሳምንት ማማ ሦስት በግ አርደው ለድሃ አከፋፈሉ። ሐሙስ የወሎው ሰው በፎይል የተጠቀለለ ትልቅ ሥጋ ይዞ መጣ።

«ምንድነው ይኼ?»

«የዳንኩበት በግ ነው። ታማሚው አንተ ነህ፣ አንተ ደግሞ እኛ ያረድነውን አትበላም። የማን ድካም ነው ይኼ?»

ለጎረቤት ሰጠነው።

አሁን ነገሩ እንዲህ ሆነ። ዝም ካልን የወሎው ሰው በሰላም ሥራው ላይ ይቀመጣል፣ እንዲያውም የተባረከ ሰው ሆኗል። እኔ ግን ሕክምና የለኝም። ከተናገርን፣ ኢቃማውን ያዋሰው እሱም፣ የተዋስኩት እኔም ታስረን እንባረራለን። አገር ቤት ደግሞ ያን ጊዜ የጨረሩ ወረፋ ምን ያህል እንደሆነ የሰማ ያውቀዋል። በየዓርቡ የወሎው ሰው አንድ ነገር ያደርግ ነበር። ፊት ለፊቴ ይቀመጥና በአንድ ትንፋሽ ቍጠር ይለኛል። መጀመሪያ ሃያ ሁለት ድረስ ቈጠርኩ። በሳምንቱ አሥራ ዘጠኝ። ከዚያ አሥራ ስድስት። እሱ ጣቱን እያጠፈ ይከታተላል፣ ሲያልቅብኝ ጣቶቹን ይዘረጋቸዋል።

አሥራ ስድስት የቈጠርኩ ሳምንት ቁርጤን ልወቅ ብዬ ወደ ሐኪም ቤቱ ሄድኩ። መዝገብ ቤት ያለው ጸሐፊ የወሎውን ሰው ኢቃማ ተቀብሎ ፋይሉን ፈለገ። አገኘው። ፊቱ በራ።

«መብሩክ! አንተ እኮ ድነሃል» አለኝ። «ፋይልህ ተዘግቷል። ከግል ሐኪም ደብዳቤ መጥቷል፣ ጉሮሮህ ንጹሕ ነው።»

«አልዳንኩም» አልኩት። ድምፄ ከሻካራ ወንፊት እንደሚወርድ እህል ነበር።

«ድነሃል ይላል።»

«ስማኝ እስቲ።»

«እየሰማሁህ ነው። ጉንፋን ይሆናል። አል ሐምዱ ሊላህ በል እንጂ፣ ስንት ሰው ይኼን ወረቀት ይመኛል።» ማህተም የተመታበትን ወረቀት በመስኮቱ አሳለፈልኝ። በሕይወቴ ጤነኛ ነህ የሚል ወረቀት ያገኘሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ወረቀቱን ይዤ ሱዳናዊው ዶክተር በር ላይ ቆምኩ። ሦስት ሰው ገብቶ ሲወጣ ጠበቅሁ። በመጨረሻ ራሱ አየኝና አስገባኝ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። አነበበው፣ አጣጥፎ ወደ ጎን አደረገው።

«ላቦራቶሪዬን አንድ ሳምንት ሙሉ ሲያስጨንቁት ነው የቆዩት» አለ በዝግታ። «ሥጋ ለዋወጣችሁ ተብለን። እዚያ የሚሠራው ልጅ ደመወዙ ሊያዝ ነው። እኔ ግን ሹፌር ነው የተባለው ሰው ዘበኛ ነኝ እንዳለኝ አልረሳሁም።»

ይኼን ሲል መሬቱን አየሁ። ስለማላውቀው ሰው ደመወዝ አስቤ አላውቅም ነበር።

«ስምህ ማነው?» አለኝ።

የራሴን ስም ነገርኩት። ሐኪም ቤት ውስጥ ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው፤ እንግዳ ነገር ሆነብኝ።

ገመዱን አስገብቶ አየኝ። ኢ በል አለኝ። እንደገና አለኝ።

«ይንቀሳቀሳል» አለ። «ግን ከብዶታል። ዘበኞችህ ጊዜ ገዝተውልህ ነበር፣ አንተ ፈጀኸው። ምን ያህል እንደቀረህ እኔም አላውቅም። ወር ሊሆን ይችላል። ስም የሌለውን ሰው ማከም አልችልም፤ በራስህ ወረቀት ና። ለላቦራቶሪው ግን እውነቱን ዛሬውኑ እጽፋለሁ፣ ያ ልጅ አይቀጣም። ያንተን ስም አልጠቅስም። የጓደኛህን ግን መጥቀሴ አይቀርም፣ ፋይሉ የእሱ ነው። ደብዳቤው አሠሪዎቹ ዘንድ ሳይደርስ ራሱ ይናገር።»

የዚያን ቀን ሐኪም ቤቱ ካለበት ከባጥሐ እስከ መንፉሐ በእግሬ ሄድኩ። አውቶቡስ ላይ ለመውጣት እንኳ ሰነፍኩ። ሐሙስ አልነበረምና የወሎው ሰው የሚሠራበት ግቢ ድረስ ሄጄ በሩን አንኳኳሁ፣ ከዚያ በፊት አድርጌው አላውቅም። ግድግዳው ጥግ ቆመን ነገርኩት። ሊቆጣኝ ይችል ነበር። «በቃ፣ ኸላስ» አለ። «ነገ ማማን ወደ እኅታቸው እወስዳለሁ። መኪና ውስጥ እነግራቸዋለሁ። ስነዳ ፊታቸውን አላይም፣ ይቀለኛል።»

ነገራቸው። ማማ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ሲያዩት ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ ወዴት ልንዳ ሲላቸው በእጃቸው ያመለክታሉ። ልጁ ግን ሰምቶ ጮኸ። ሁለቱንም ለጀዋዛት አስረክባለሁ አለ፣ ለኢሚግሬሽን ፖሊስ ማለቱ ነው። የወሎው ሰው ሻንጣውን አዘጋጅቶ አልጋው ሥር አስቀመጠ። እኔም ያለችኝን ልብስ አጥቤ አጣጥፌ አኖርኩ። በዚያ ዓርብ አሥራ አራት ቈጠርኩ።

በአሥረኛው ቀን ማማ ጠሩን። ግቢው ውስጥ ካለው የቴምር ዛፍ ጥላ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ፊታቸው ተሸፍኗል፣ ልጃቸው ከጎናቸው ቆሟል። እኔን በእጃቸው አሳዩ።

«ይኼ ነው?»

«እሱ ነው፣ ማማ» አለ የወሎው ሰው።

«ይናገር።»

ምን እንደምናገር አላወቅሁም። ይቅርታ አድርጉልን አልኩ። ድምፄ መሀል ላይ ጠፋና አየር ብቻ ወጣ። ማማ ጆሯቸውን አዘንብለው ሰሙ።

«እኔ ሦስት በግ ያረድኩት ስለ አንድ ጉሮሮ ነው» አሉ። «የታመመ ጉሮሮ ነበር፣ ፈጣሪ አዳነልኝ ብዬ አመሰገንኩ። አሁን ያ ጉሮሮ አልዳነም ትሉኛላችሁ። ምስጋናዬን መልሼ ልውሰድ? ያመሰገንኩበት ጉሮሮ ይታከም።»

ልጁ፣ «ይማ፣ እነዚህ ሰዎች እኮ አታለሉን» አለ።

«አንተ ትንሽ ሆነህ የትምህርት ቤት ወረቀት በእኔ ስም አልፈረምክም? ያኔ ለማን አስረከብኩህ?»

ልጁ ተቆጥቶ ገባ፣ ግን የተባለውን አደረገ። የሟቹን የከፊሌን ልጆች አፈላልጎ መልቀቂያዬን ተቀበለና በራሱ ስም አዛወረኝ፤ ወረቀቱ አትክልተኛ ይላል። ይኼ ሁሉ ሲሆን ከሦስት ሳምንት በላይ ሄደ። የመጨረሻው ዓርብ አሥራ አንድ ነበር የቈጠርኩት፤ የወሎው ሰው በእጆቹ ጣት ብቻ ሊከታተለው ምንም አልቀረውም። ሱዳናዊው ዶክተር ዳግመኛ ሲያየኝ ኢ በል አለኝ፣ አልኩ። ለረጅም ጊዜ አየ። «እንደ ዛገ በር ነው» አለ፣ «ግን ይንቀሳቀሳል። ነገ እንጀምር።»

ጨረሩ ሰባት ሳምንት ፈጀ። ፊቴን በልኬ በተሠራ መረብ ከጠረጴዛው ጋር ያስሩትና ብቻዬን ትተውኝ ይወጣሉ። አያምም። የሚያምመው በኋላ ነው፤ አንገቴ ቆስሎ ጠቆረ፣ ምራቅ መዋጥ ሥራ ሆነብኝ። የወሎው ሰው አብሽ ዘፍዝፎ፣ ደጋግሞ መትቶ፣ በማር እያደረገ ያጠጣኝ ነበር። ከእሱ ሌላ የሚወርድልኝ ምግብ አልነበረም።

በመጠበቂያው ክፍል አንድ የየመን ሰው ነበር፣ አናጢ ነው። የእሱም የጉሮሮ ነው፤ ስንተያይ አንገታችንን ጨረሩ በአንድ ዓይነት ጥቁር ቀለም ሥሎታል። ሐኪሞቹ ሕመማችን በመጠን መንትያ ነው ይሉ ነበር። በእኔ የተሰባበረ አረብኛ እንጨዋወታለን፣ ድምፃችን ስለማይሰማ አብዛኛውን በእጅ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ላይ የእሱ ወደ አንገቱ ወርዶ ተገኘ። ማንቁርቱን አወጡት። አንድ ቀን ኮሪደር ላይ አየሁት፤ በአንገቱ ቀዳዳ እየተነፈሰ፣ በእጁ እንጨት የሚልግ መስሎ አሳየኝ፣ መላጊያዬን አልተውኩም ማለቱ ነው። ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ጠየቅሁ፤ ሞተ አሉኝ።

ዶክተሩን «ለምን የእሱ እንዲያ ሆነ? መንትያ አላላችሁም?» አልኩት።

«በመጠን ነው መንትያ። የእሱ ዘበኞች አጥሩ ላይ ነው የቆሙት። በአጉሊ መነጽር ሳየው ውስጡ ባዶ ነበር።»

«ለምን አልገቡም?»

«እኛም የምንጠይቀው ይኼንኑ ነው፣ ያ ዐም። መልሱን የሚያውቅ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።»

ስለዚያ አናጢ ብዙ አስባለሁ። እሱ በራሱ ስም፣ በራሱ ወረቀት፣ በቀጠሮው ቀን የመጣ ሰው ነው። እኔ ሁለት ወር በሐሰት ያባከንኩ ነኝ። ፍትሕ ቢሆን ኖሮ... ብዬ እጀምርና እተወዋለሁ። ይደክመኛል።

ሕክምናው ሲያልቅ ድምፄ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ እስከ ዛሬ ሻካራ ነው፣ ግን ሰው ይሰማኛል። ለዶክተሩ ያዳነኝ ጨረሩ ነው ወይስ ዘበኞቹ ብዬው ነበር። «ዘበኞቹ ይዘው አቆዩልህ፣ ጨረሩ መታው» አለኝ። «ማን እንደጨረሰው ግን ምለህ ንገረኝ ብትለኝ አልምልም።»

የወሎው ሰው ሥራውን አልተነጠቀም። ብቻ ማማ መኪና ውስጥ እሱ ባሳለ ቁጥር ከኋላ ሆነው፣ «ይኼ ሳል ያንተ ነው የሰው?» ይሉት ነበር። ይኼን ነገር እስኪሞቱ ድረስ አልተዉትም።

እነዚያን ሰባት ሳምንታት በየጠዋቱ በማማ መኪና ከመንፉሐ ወስዶ፣ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሞ ጠብቆ የመለሰኝ እሱ ነው። አንድ ጊዜ ስለዚያ ሁሉ አደጋ ጠይቄው፣ «ስሜ ነው ካንሰር የያዘው እኮ፤ ለስሜ ፈርቼ ነው» ብሎ አለፈው። ሊቀልድ ነበር። ያዘጋጀውን ሻንጣ ግን ያን ሰሞን ሁሉ ሳይፈታው አልጋው ሥር እንዳቆየው ያወቅሁት ቆይቼ ነው። ሰዎች ማን አዳነህ ሲሉኝ ዶክተሩንም፣ ማማንም አነሣለሁ፤ ሁለቱም ይገባቸዋል። ያን ጊዜ ያሳለፈኝ ግን የማማ ሹፌር፣ የመንፉሐው የክፍል ተጋሪዬ፣ ያ የወሎ ሰው ነው።